ዱቄቱን የሚነካው የለም

ጠጋ ይበሉ፤ ጮክ ብለው የሚያወሩት ጉዳይ አይደለም። አዲስ የባትሪ ቁስ ሠራሁ ብሎ ለፓተንት ያመለከተ ሰው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ባለው የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ባትሪውን እየሞላና እያራገፈ የሚፈትንለት ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ነገር የለም። መርማሪው ላቦራቶሪ የለውም። ዱቄቱን አያየውም፣ አይነካውም፣ ኤሌክትሮዱን አይሠራውም። ያለው ነገር ኮምፒዩተር፣ የመፈለጊያ ፕሮግራምና የተቆጠረ ሰዓት ነው። የሚመረምረውም ባትሪውን ሳይሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለማንም የተለየ ማመልከቻ አላወራም። ያልታተመ ማመልከቻ ምስጢር ነው፤ ቢሮውን ለቅቆ የወጣ ሰውም ቢሆን ያየውን ይዞ ይኖራል። ስለ አሠራሩ ማውራት ግን አልተከለከለም። የማይወራ አንድ ነገር ልጨምር፦ መርማሪ የሆነ ሰው በሥራ ላይ እያለ፣ ከለቀቀም በኋላ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ በራሱ ስም ፓተንት ማመልከት በሕግ ተከልክሏል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሐሳብ ሲመዝን ውሎ የራሱን ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ ቆልፎ ወደ ቤቱ የሚገባ ኬሚስት ስንት አለ መሰላችሁ።

ከባትሪ ቁሶች ሁሉ መርማሪው ቶሎ መረጃ የሚያገኝበት፣ አመልካቹ ደግሞ ላብ የሚያጠምቀው ቫናዲየም ኦክሳይድ ነው። ምክንያቱ ከኬሚስትሪው ይጀምራል። ቫናዲየም ኤሌክትሮን መቀበል አይሰለቸውም፤ ከአምስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት ይወርዳል። ፔንቶክሳይድ የሚባለው ኦክሳይዱ ደግሞ ንብርብር ነው፤ ሊቲየም በንብርብሮቹ መሃል እየገባ ይወጣል። በአንድ ቀመር ሁለት ሊቲየም ከገባ አቅሙ በግራም 294 ሚሊአምፒር-ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ ሦስት ከገባ 440 ይደርሳል። ቁጥሩ ያጓጓል። ነገር ግን ሦስተኛው ሊቲየም ሲገባ የክሪስታሉ አደረጃጀት ይለወጥና ወደ ቀድሞው መልኩ አይመለስም። በዚያ ላይ ፔንቶክሳይዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ሊቲየም የለበትም፤ ከሌላኛው ኤሌክትሮድ ማምጣት ግድ ነው። ስልካችንን ለዓመታት ያንቀሳቀሰው ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ግን ሊቲየሙን በሆዱ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ቫናዲየም ኦክሳይድ ከሃምሳ ዓመት ገደማ ጀምሮ «ትንሽ ብናስተካክለው ኖሮ» የሚባልለት ቁስ ሆኖ ቀረ። አንዱ ማንጋኒዝ ይጨምርበታል፣ ሌላው በካርቦን ይለብጠዋል፣ ሦስተኛው በንብርብሩ መሃል ውኃ ያስገባል፣ አራተኛው እንደ ጥብጣብ ቀጭን አድርጎ ያበቅለዋል። ሁሉም ወረቀት ይጽፋል፣ ብዙውም ፓተንት ይጠይቃል። በኋላ የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ስታንሊ ዊቲንግሃም ሊቲየምና ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ እንዴት እንደሚዋሃዱ እ.ኤ.አ. በ1976 ጽፏል። የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች በቫናዲየም ኦክሳይድ ፖዘቲቭ ኤሌክትሮድ ለሚሠራ ተሞይ ባትሪ በ1980 ፓተንት አግኝተዋል። ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልሰው፣ በደረት ቆዳ ሥር የሚተከለው መሣሪያ የሚጠቀምበትን የብርና ቫናዲየም ኦክሳይድ ካቶድ ደግሞ የዊልሰን ግሬትባች ኩባንያ በ1982 በፓተንት አስጠብቆታል። ያ ባትሪ ተሞይ አይደለም፤ ሆኖም ስለ ቁሱ የተጻፈው ሁሉ ዛሬም በመርማሪ ደብዳቤ ውስጥ ብቅ ይላል። ይህ ቁስ ከወረቀት አልወጣም የሚል ካለም ፓናሶኒክ «ቪ.ኤል.» በሚል መለያ የሚሸጣቸውን ትናንሽ ክብ ባትሪዎች ይይ፤ የአንዳንድ ቢ.ኤም.ደብሊው መኪኖች ቁልፍ ውስጥ ተቀምጦ ቁልፉ በተሰካ ቁጥር የሚሞላው የቫናዲየም ባትሪ ነው።

ብረቱ ራሱ ከመጀመሪያው የቀዳሚነት ጣጣ ያለበት ነው። በ1801 ሜክሲኮ ውስጥ አንድሬስ ማኑኤል ዴል ሪዮ አገኘው። ፓሪስ ያለ ኬሚስት መርምሮ «ይህ ክሮሚየም ነው» አለው፤ ዴል ሪዮም እጁን ሰጠ። በ1830 ስዊድናዊው ሴፍስትሮም እንደገና አገኘውና ስም አወጣለት፤ በማግስቱ ዓመት ቮለር የዴል ሪዮ ማዕድን ያው ቫናዲየም እንደነበር አረጋገጠ። በእኛ ቋንቋ ዴል ሪዮ የመጀመሪያውን ሪጀክሽን ተቀብሎ ፋይሉን የተወ አመልካች ነው። መርማሪው ተሳስቶ ነበር፣ የተከራከረለት ጠበቃ ግን አልነበረም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ለአብዛኛው አመልካች ውድቅ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ያንን እንደ መጨረሻ ቃል የሚያነብ ሰው ሥርዓቱን አያውቀውም።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ እንምጣ። ክሌም የምንለው፣ የመብቱን ወሰን የሚያሰምረው አንቀጽ፣ የቱንም ያህል ቢረዝም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆን አለበት። ራሴ የፈጠርኩትን ምሳሌ ልስጣችሁ፦ «ቫናዲየም ፔንቶክሳይድን የሚያካትት፣ ከግማሽ እስከ ሃያ ከመቶ ማንጋኒዝ የተጨመረበት፣ የንብርብሩ ርቀት ከአስር አንግስትሮም በላይ የሆነ፣ ለተሞይ ባትሪ የሚውል የኤሌክትሮድ ቁስ።» አንባቢ የሚያየው ማንጋኒዙን ነው። መርማሪው ግን መጀመሪያ የሚያየው «የሚያካትት» የምትለዋን ቃል ነው፤ ሌላ ማንኛውም ነገር ቢጨመርበትም ክሌሙ ይይዘዋል ማለት ነው። ለአመልካቹ ሰፊ መረብ ነው። ሰፊ መረብ ግን የድሮውንም ዓሣ ይይዛል፤ የድሮው ዓሣ ከተያዘ ክሌሙ ወደቀ። መርማሪው ቃላቱን ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ በሰፊው ትርጉማቸው እንዲያነብ ታዟል። ይህ ክፋት አይደለም፤ ክሌሙ ገና ሊስተካከል የሚችለው በዚህ ደረጃ ስለሆነ ነው። «ለተሞይ ባትሪ የሚውል» የምትለው ሐረግስ? ብዙውን ጊዜ ክብደት የላትም። ያው ዱቄት ለመስታወት ማቅለሚያ ተሠርቶ የነበረ ቢሆን እንኳ ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው።

ከዚያ ምን ያነባል? መግቢያው ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የተጻፈውን ገጽ የሚያነበው ያለ እንዳይመስላችሁ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ልምድ ያለው መርማሪ ከኋላ፣ ከሠንጠረዡ ይጀምራል። አመልካቹ ስንት ናሙና ሠራ? ከምን ጋር አነጻጸረው? ማንጋኒዝ ከግማሽ እስከ ሃያ ከመቶ ብሎ ጠይቆ የተሠራው ናሙና ሁለት ከመቶ ላይ አንድ ብቻ ከሆነ መርማሪው ፈገግ ይላል። «ያልተጠበቀ ውጤት አገኘሁ» የሚለው ክርክር የሚያዋጣው ውጤቱ የተጠየቀውን ወሰን በሙሉ ሲሸፍን ነው። በአንድ ነጥብ የሃያ ከመቶ ግዛት አይገዛም። ማነጻጸሪያው ደግሞ ምንም ያልተጨመረበት ተራ ፔንቶክሳይድ ከሆነ ጥያቄ ይመጣል፤ መወዳደር ያለበት ከቀዳሚዎቹ ሁሉ ለእሱ ከሚቀርበው ጋር ነው እንጂ ከደካማው ጋር አይደለም።

ቀጥሎ አደኑ ነው። ዓለም አቀፉ የፓተንት ምደባ ለኤሌክትሮድ ኦክሳይዶች «ኤች01ኤም 4/48» የሚል ቤት ሰጥቷል፤ ቫናዲየም ኦክሳይድ እንደ ኬሚካል ሲታይ «ሲ01ጂ 31/02» ውስጥ ያድራል። ሁለቱን ቤቶች አንኳኩቶ የሚመለስ መርማሪ ግማሽ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ትልቁ ሀብት ያለው በድሮ መጽሔቶች ሥዕላዊ መግለጫዎች ውስጥ ነው። ለዚህ የቁሳቁስ መርማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት የ1985 ፍርድ አለ። አንድ የቲታኒየም ኩባንያ ከ0.6 እስከ 0.9 ከመቶ ኒኬልና ከ0.2 እስከ 0.4 ከመቶ ሞሊብዲነም ያለበት ቅይጥ ዝገትን በደንብ እንደሚቋቋም ደርሶበት ፓተንት ጠየቀ። ከሩሲያ የወጣ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ግራፍ ላይ 0.75 ኒኬልና 0.25 ሞሊብዲነም ላይ የተቀመጠች ነጥብ ተገኘች። ጽሑፉ ስለ ዝገት አንድ ቃል አልተናገረም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ቅይጡ ቀድሞ ታውቋል፤ የታወቀ ቅይጥ ላይ አዲስ ጠባይ ማግኘት ቅይጡን አዲስ አያደርገውም አለ። አንዲት ነጥብ ሙሉ ክሌም ጣለች።

የቫናዲየም አመልካቾች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ጋ ነው። «የእኔ ቁስ ከሺህ ዙር በኋላም አቅሙን ይይዛል» ይላሉ። ይሁን፤ ግን ዱቄቱ ድሮ በሌላ ሰው እጅ ተሠርቶ ከሆነ የሺህ ዙሩ ጠባይ ያኔም በውስጡ ነበር፣ የለካው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። የላቦራቶሪ አለመኖር ለመርማሪው ጉዳት ይመስላል እንጂ ሕጉ ወደ ጉልበት ቀይሮለታል። ስለ ዜኦላይት ክርክር በ1977 የተሰጠ ፍርድ እንዲህ ይላል፦ የድሮው ቁስ የተሠራበት መንገድ ከአሁኑ ጋር በመሠረቱ አንድ ከሆነ፣ ቢሮው ሁለቱን ሠርቶ ማወዳደር ስለማይችል ልዩነት መኖሩን ማስረዳት ያለበት አመልካቹ ነው። በሌላ አባባል መርማሪው «ያው ነው ብዬ ለማመን በቂ ምክንያት አለኝ» ብሎ ይጽፍና እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። የድሮውን ዱቄት እንደገና ሠርቶ በኤክስሬይ የሚያነሳው አመልካቹ ነው፤ ወጪውም የእሱ ነው።

አንድ በአንድ የሚገጥም ማስረጃ ካልተገኘ ሁለት ሦስት ጽሑፍ ይጋጠማል። አንዱ ቫናዲየም ኦክሳይድ አለው፣ ሌላው ማንጋኒዝ መጨመር ንብርብሩን እንደሚደግፍ ይናገራል፤ ባለሙያው ሁለቱን ማገናኘት አያቅተውም ይባላል። ለዚህ የሚጠቀሰው የ2007 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የመኪና ነዳጅ መስጫ ፔዳልን የሚመለከት መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል። የኬሚስቷ ናዛር ቡድን በካናዳ ዚንክና ውኃ በንብርብሩ መሃል ያለበትን ቫናዲየም ኦክሳይድ በውኃ ለሚሠራ የዚንክ ባትሪ በ2016 ካቀረበ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ማጋጠም ቀሏል። ከዚያ በኋላ በንብርብሩ መሃል ያልገባ ብረት የለም ማለት ይቻላል። ብዙው ጽሑፍ ከቻይና የሚወጣ ነው፤ የቻይና ፓተንቱን መርማሪው የሚያነበው በማሽን ትርጉም ስለሆነ «በሌሊት ይጋገራል» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ላይ ስንት ጠበቃ ተከራክሯል።

አሁን ድምፄን ትንሽ ዝቅ ላድርግ፤ ስለ ሰዓቱ ነው። የመርማሪ ሥራ የሚለካው ካውንት በሚባል ነጥብ ነው። በ2010 በተደረገው ማሻሻያ ለመጀመሪያው የውሳኔ ደብዳቤ 1.25፣ ለፋይናሉ፣ ማለትም ለመጨረሻው የውድቅ ደብዳቤ፣ 0.25፣ ፋይሉ ሲዘጋ ደግሞ 0.5 ይገኛል። የሚዘጋው በመፍቀድም ሆነ አመልካቹ በመተው ነጥቡ አንድ ነው። ለአንድ ማመልከቻ የሚሰጠው ጊዜ በዘርፉና በደረጃው ይለያያል፤ ማይክል ፍሬክስና ሜሊሳ ዋሰርማን የተባሉ ምሁራን በአማካይ 19 ሰዓት ብለው አስልተውታል። በዚያ ውስጥ ማንበብ፣ መፈለግ፣ መጻፍ፣ ከጠበቃ ጋር መነጋገር፣ መልስ ሲመጣ እንደገና መጻፍ ሁሉ አለ። ደረጃ ሲጨምር ሰዓቱ ይቀንሳል፤ አንጋፋው የሚሰጠው ጀማሪው ከሚያገኘው ግማሹን ያህል ነው። እነዚሁ ምሁራን በ2017 ባሳተሙት ጥናት መርማሪ ደረጃው ከፍ ብሎ ሰዓቱ ሲያጥር የሚፈቅደው ማመልከቻ እንደሚበዛ አሳይተዋል።

እኔን የሚገርመኝ ይህን ሲሰሙ ሰዎች መርማሪውን ሰነፍ ማለታቸው ነው። ስንፍና አይደለም። ውድቅ ማድረግ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃ መፈለግ ሰዓት ይፈልጋል። አመልካች ደግሞ ፓተንቱን የሚመለከት የሚያውቀውን ቀዳሚ ጽሑፍ ሁሉ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ አንዳንዱ ግዴታውን የሚወጣው በብዙ መቶ የሚቆጠር ጽሑፍ በማፍሰስ ነው። ያቺ አደገኛዋ ግራፍ ከመካከሉ ብትኖር በዚያ ሰዓት ማን ያገኛታል?

ጠበቆቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። የመጀመሪያው ክሌም እንዲያ ሰፊ ሆኖ የሚመጣው መርካቶ ላይ ነጋዴ የመጀመሪያ ዋጋ እንደሚጠራው ነው፤ በዚያ ዋጋ ይሸጣል ብሎ የሚያስብ የለም። እውነተኛው ዋጋ ሰባተኛው ወይም አስራ አንደኛው ክሌም ውስጥ ተቀምጧል፦ «ማንጋኒዙ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ከመቶ የሆነበት»። መርማሪው የመጀመሪያውን ይጥላል፣ ጠበቃው ሦስት ወር ጠብቆ ይመልሳል፤ እየከፈለ እስከ ስድስት ወር ማራዘምም ይችላል። ከፋይናል በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎ ምርመራው እንደገና ይከፈታል። ይህን ሁሉ ወረቀት የሚያሳጥረው ስልክ ነው። ኢንተርቪው ይባላል። በጽሑፍ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ክርክር ሁለቱም ቅን ከሆኑ በአንድ ስልክ ያልቃል። ጠበቃ ካልደወለላችሁ ለምን እንዳልደወለ ጠይቁት።

ለልጆቻችን የምነግረው ግን ሌላ ነው። ከአሜሪካ እስከ አውሮፓና እስራኤል በየዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ባትሪ የሚሠሩ የእኛ ልጆች አሉ። ውጤት ሲያገኙ የመጀመሪያ ፍላጎታቸው ጉባኤ ላይ ማቅረብ ነው። የአሜሪካ ሕግ ለራስህ ጽሑፍ የአንድ ዓመት እፎይታ ይሰጣል፤ የአውሮፓው እንዲህ ያለ እፎይታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጽሑፉ ማመልከቻው ከመግባቱ አንድ ቀን ቀድሞ ከወጣ አለቀ። ጽሑፍ ሲባል መጽሔት ብቻ አይምሰላችሁ፤ በ2004 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጉባኤ ላይ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ የተሰቀለ ፖስተር እንደ ታተመ ጽሑፍ ይቆጠራል ብሏል። አንድን ሰው በራሱ የማስተርስ ጽሑፍ ውድቅ ማድረግ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ነው፤ ማስረጃው ሙሉ ነው፣ ፊርማውም የራሱ ነው። ማመልከቻው እስኪገባ ድረስ ዝም አይነቅዝም።

ይህ ሁሉ ቫናዲየም ኦክሳይድ ላይ አዲስ ነገር የለም ማለት አይደለም። በጣም የምወደው ምሳሌ የመጣው ከተጠላው ከሦስተኛው ሊቲየም ነው። ሦስት ሊቲየም ሲገባ ክሪስታሉ ተለውጦ ኦሜጋ የሚባለውን መልክ ይይዛል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቦርዶ ተመራማሪዎች አጥንተው ጽፈውታል፤ ያኔ የታየው ግን እንደ ካቶድ ነበር። በ2020 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ያንኑ ቁስ ገልብጠው አኖድ አደረጉት። ከሊቲየም በላይ በ0.6 ቮልት አካባቢ ይሠራል፣ በ20 ሰከንድ ውስጥ ከአቅሙ ከ40 ከመቶ በላይ ያስረክባል። ለሳይንቲስት ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ለመርማሪ ግን የራስ ምታት ነው፤ ዱቄቱ የታወቀ ነው፣ ሥራው ግን ማንም ያላሰበው።

እንዲህ ያለ ክሌም ጠረጴዛዬ ላይ ቢወድቅ ምን አደርግ ነበር? «ሦስት ሊቲየም፣ ሁለት ቫናዲየም፣ አምስት ኦክስጅን ያለበት ቁስ» ብቻ ቢል የቦርዶውን ጽሑፍ ከፍቼ ያለ ብዙ ድካም እጥለው ነበር። «አኖድ» የሚል ቃል ቢጨመርበት ደግሞ ጠበቃው አኖድ ማለት በባትሪው ውስጥ ያለ ቦታ ነው ይላል፣ እኔ ያው ቁስ ሌላ ሥራ ተሰጠው እላለሁ፤ ሁለታችንም ግማሽ እውነት ይኖረን ነበር። ሁለተኛው ክሌም ሙሉውን ባትሪ ቢይዝስ፣ ይህን አኖድ፣ ከፊቱ የታወቀ ካቶድ፣ መሃሉ ላይ ኤሌክትሮላይት፣ አኖዱም የሚሠራበትን ቮልት ቢወስን? ቦርዶ እዚያ አልደረሰችም። ሌሎቹ ጽሑፎችም ይህን ቁስ ወደዚያ ወገን እንድወስደው አይነግሩኝም። ያኔ ስልኩን አንስቼ «ሁለተኛውን ክሌም ወደ አንደኛው አስገባውና ፊርማዬን ውሰድ» የምለው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለው የመርማሪ ስልክ በብዛት የሚጮኸው መቼ እንደሆነ ጠበቆች ሁሉ ያውቃሉ፤ ሩብ ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት ነው።